ለፍንጭ ፈቺዎች የሚሆን ወንድማዊ ምክር

ክሪፕቲክ ክሮስወርድ የሚባለውን የእንግሊዞች መስቀለኛ ቃላት ለመጀመር ቆርጠው የተነሱ አንባቢ፣ በቅድሚያ እንኳን ደስ ያለዎት። ከእንግዲህ ቡናዎ ፊትዎ ተቀምጦ ይቀዘቅዛል። ሰው ሲያናግርዎ አፉን እንጂ ነገሩን አይከታተሉም፤ ከንግግሩ ውስጥ ማንም ያልደበቀውን ቃል ሲፈልጉ ይገኛሉ። ይህ ሁሉ የጤና ነው። ምክሬ ጉዳቱን ይቀንስ እንደሆነ እንጂ አያስቀረውም።

አስቀድመው በማን እጅ እንደወደቁ ይወቁ። መስቀለኛ ቃላትን የጀመረው አርተር ዊን ነው፤ ጊዜው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ዲሴምበር 21 ቀን 1913፣ ጋዜጣው ኒው ዮርክ ወርልድ። የእሱ ፍንጮች የዋሆች ነበሩ፤ ትርጉም ይጠይቃሉ፣ ቃሉን ይጽፉላቸዋል፣ በሰላም ይለያያሉ። ነገሩን ያከረረው ለንደን ነው። ኤድዋርድ ፖዊስ ማዘርስ የተባለ ገጣሚና ተርጓሚ በ1926 ኦብዘርቨር ጋዜጣ ላይ ከዳር እስከ ዳር ተንኮል የሆነ ፍንጭ ማውጣት ጀመረ፤ ለራሱም «ቶርኬማዳ» የሚል የብዕር ስም አወጣ። ቶርኬማዳ ማለት በስፔን መናፍቃንን እያሳደደ ይመረምር የነበረው ችሎት የመጀመሪያው ታላቅ አለቃ ነው። ማዘርስ ሲሞት የተተካው «ዚሜኔስ» ተባለ፤ ይህም የመርማሪ ስም ነው። በ1972 የተረከበው ደግሞ «አዜድ»፤ ዴዛ የተባለው ሌላ መርማሪ ስም በላቲን ፊደል ከኋላ ወደ ፊት ሲነበብ። እንግዲህ እየተተካኩ ራሳቸውን በመርማሪ ስም የሚጠሩ ሰዎች ያሰናዱትን ጨዋታ «ለመዝናናት ያህል» ብለው ከተቀመጡ በኋላ፣ የሚመጣብዎትን አላወቅኩም ብሎ መከራከር አይቻልም።

ሁለተኛው ምክሬ፣ ፍንጩ የሚያወራልዎትን ወሬ አይስሙ። አብዛኛው ፍንጭ ሁለት ክፍል አለው። ከሁለቱ ጫፎች በአንዱ፣ ወይ መጀመሪያው ላይ ወይ መጨረሻው ላይ፣ የመልሱ ቀጥተኛ ትርጉም ይቀመጣል። የቀረው ፊደሎቹ ከየት ተለቅመው እንዴት እንደሚገጣጠሙ የሚያዝዝ መመሪያ ነው። ሁለቱ ተገናኝተው የሚፈጥሩት ታሪክ ግን ውሸት ነው። በቅንፍ ያለው ቁጥር የፊደሉን ብዛት ይናገራል፤ ከገጹ ሁሉ በፊት ለፊት የሚያናግርዎት እሱ ብቻ ስለሆነ ያክብሩት።

የእንግሊዝኛውን እዚህ መዘርገፍ ስለማይመች በራሳችን ፊደል ላሰናዳልዎ፤ አንድ ፊደል፣ አንድ ሳጥን።

«ከመግቢያ ቀጥሎ የገበሬው ባልደረባ፣ የሚያቃጥል (4)»

ጀማሪ ይህን ሲያነብ ደጃፍ ላይ የቆመ፣ ነገረኛ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ይታየዋል። ምን እንዳናደደው ሲያስብ ግማሽ ቀን ያልፋል። የሠለጠነ ፈቺ ለሊቀመንበሩ አይጨነቅም። መግቢያ በር ነው። የገበሬው የሥራ ባልደረባ በሬ ነው። አንዱ ከሌላው ቀጥሎ ሲቆም በርበሬ ይሆናል፤ የሚያቃጥል ነገር። ሊቀመንበሩ መጀመሪያውኑ አልነበረም።

ሦስተኛ፣ ርኅራኄዎን ይቆጥቡ።

«ቀበረ፤ ተረብሾ አጠገባችን መጣ (3)»

እዚህ ላይ ደግ ሰው «እግዚአብሔር ያጽናህ» ሊል ይነሳል። አይነሱ፤ የሞተ ሰው የለም። «ተረብሾ» የሐዘን ወሬ ሳይሆን ትእዛዝ ነው፤ የ«ቀበረ»ን ፊደሎች በጥብጥ ይላል። ሲበጠበጡ «ቀረበ» ይወጣል፤ አጠገባችን መጣ ማለት ነው። እንግሊዞቹ ለዚህ ሥራ የሰከረ፣ ያበደ፣ የተሰበረ፣ የተጠበሰ የሚሉ ቃላትን ሁሉ ቀጥረዋል። ስለዚህ ጎረቤትዎ ሰክሮ እንደወደቀ የነገሩዎ ቀን፣ ከማንሳትዎ በፊት የስሙን ፊደላት በሐሳብዎ ማዘዋወር ከጀመሩ በሽታው ሥር መስደዱን ይወቁ።

አራተኛ፣ ዓይንዎ ሥር ያለውን ከሩቅ አይፈልጉ።

«በግርማ ርስት ውስጥ የተደበቀ ጣፋጭ ነገር (2)»

ግርማን አያውቁትም፤ ርስቱም አይመለከትዎትም። የሁለቱን ቃላት ድንበር ግን ጠጋ ብለው ይዩት፤ የአንዱ መጨረሻና የሌላው መጀመሪያ ሲገናኙ ማር ተቀምጧል። አዘጋጁ መልሱን በግልጽ ጽፎ ሰጥቶዎት ነበር። ከፍንጭ ሁሉ የሚያሳፍረው ይህ ዓይነቱ ስለሆነ፣ አጠገብዎ ሰው ካለ «ከባድ ነው» እያሉ ጥቂት ይቆዩ።

አምስተኛ፣ የሚያምረውን ፍንጭ ከሁሉ አብልጠው ይጠርጥሩ።

«ራስ ሲዞር፣ እንጀራ (2)»

ረሃብ ያዞረው ሰው ምግብ የሚለምን ይመስላል። ራስ ግን ሲዞር፣ ማለትም ከኋላ ሲነበብ፣ «ስራ» ነው። እንጀራም ሰው የሚኖርበት ሙያ ነውና ትርጉሙ ይገጥማል። እዚህ ላይ የንጉሡ «ሠ» ተቆርቋሪዎች «ሥራ እንዲህ አይጻፍም» ብለው ለአዘጋጁ ረጅም ደብዳቤ ይልካሉ። ይላኩ። ደብዳቤ የማይጻፍበት መስቀለኛ ቃላት ፈቺ የለውም ማለት ነው።

እስካሁን ከተሰጠው ምክር ተነስተው አዘጋጁን ሌባ ነው ካሉ ግን ተሳስተዋል። ሕግ አለው። «አፍሪት» በሚል ስም ይጽፍ የነበረው ሪቺ የተባለ ቄስ በ1949 ባወጣው መጽሐፍ ደንቡን አስቀምጦታል። የደንቡ ፍሬ ነገር አዘጋጁ እንዳሻው ያሳስት፣ ፍንጩ ግን ፊደል በፊደል ሲመዘን የታሰበውን መልስ በትክክል ብሎ መገኘት አለበት የሚል ነው። ታሪኩ ቢዋሽም ቃሉ አይዋሽም። በተሸነፉ ጊዜ የሚያንገበግብዎትም ይኸው ነው፤ መታለልዎ ሳይሆን በእውነት መታለልዎ።

ከዋሸራ ወይም ከጎንጅ ቅኔ ቤት የወጡ ከሆኑ «ይህማ ሰምና ወርቅ አይደለም እንዴ!» ብለው ሊንቁት ይችላሉ። ጆሮዎ ይረዳዎታል፤ ኩራትዎ ግን ይጎዳዎታል። የቅኔ ሰም ወርቁ ከተገኘ በኋላም ይኖራል፤ ሁለቱ እየተያዩ ነው ቅኔው የሚጣፍጠው። በመስቀለኛ ቃላት ወርቁ ሲወጣ ሰሙ ይጣላል። ግርማና ርስቱን ማር ከተገኘ በኋላ ማንም አይጠይቃቸውም።

ስድስተኛውና ዋናው ምክር፣ ምክንያቱን ሳያውቁ መልስ አይጻፉ። ማቋረጫዎቹ ፊደላት ስለተሞሉ ብቻ «ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» ተብሎ የገባ ቃል ተፈታ አይባልም፤ ያለ ቁልፍ የተገባበት ቤት ነው። በማግስቱ ጋዜጣው መልሱን ያወጣል፤ እንዴት እንደተገኘ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነግርዎትም። ያን ጊዜ መልሱ ትክክል እንደነበረ አውቀው፣ ለምን ትክክል እንደሆነ ሳያውቁ ሳምንቱን መዋል ይመጣል። በየቤቱ ደግሞ ከትከሻዎ በላይ አንዴ አይቶ ምክንያቱን በሦስት ቃል የሚያስረዳ ሰው አይጠፋም። «እኔም አስቤው ነበር» አይበሉት፤ አይታመንም። ጭንቅላትዎን ቀስ ብለው ይነቅንቁና «ልክ ነህ» ይበሉ፤ ደርሰውበት ነበር ብሎ የሚጠረጥር ይኖራል።

ሰባተኛ፣ ፍጥነትዎን ለሰው አያውሩ። በጃንዋሪ 1942 ዴይሊ ቴሌግራፍ መስቀለኛ ቃላቱን በ12 ደቂቃ ውስጥ የሚፈታ ካለ ይምጣ ብሎ አንባቢዎቹን አወዳደረ። ከተወዳዳሪዎቹ አንዳንዶቹን ሽልማት ሲጠብቁ የጦር ሚኒስቴር ፈለጋቸው፤ የጀርመን ምስጢራዊ መልእክት ወደሚፈታበት ብሌችሊ ፓርክ ሄዱ። ፈቺነቱን ትተው አዘጋጅ ልሁን ቢሉም አያመልጡም። ለዚያው ጋዜጣ ያዘጋጅ የነበረው ሊዮናርድ ዳው ርእሰ መምህር ነበር። በ1944 ከኖርማንዲ ወረራ በፊት በነበሩት ሳምንታት «ዩታ»፣ «ኦማሃ»፣ «መልቤሪ»፣ «ኦቨርሎርድ» እና «ኔፕቱን» ተከታትለው መልስ ሆነው ወጡበት፤ ሁሉም የወረራው ምስጢራዊ ስሞች ናቸው። የደኅንነት ሰዎች መጥተው ጠየቁት፤ ጥፋት ስላላገኙበት ተዉት። ከአርባ ዓመት በኋላ ከቀድሞ ተማሪዎቹ አንዱ፣ ቃላቱን በአካባቢው ከሰፈሩ ወታደሮች ሰምተን ያቀበልነው እኛ ነን አለ። ስለዚህ ቃል ከተማሪ አይቀበሉ።

ሰሙ ይጣላል ብዬ ነበር። የማይጣልበት አንድ ጊዜ እንደነበረም ይወቁ። ጆን ግራሃም የተባሉ የአንግሊካን ቄስ «አራውካሪያ» በሚል ስም ለጋርዲያን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ እንቆቅልሽ አዘጋጅተዋል። በጃንዋሪ 2013፣ በ91 ዓመታቸው፣ ስለራሳቸው የሚናገር አንድ እንቆቅልሽ አወጡ። ፈቺዎቻቸው እንደ ወትሮው ሳጥኑን ሞሉ፤ ከመልሶቹ ውስጥ «ካንሰር» ወጣ፣ በሽታው የያዘው የሰውነት ክፍል፣ የምግብ ቧንቧ፣ ወጣ፣ ሕመም ከማስታገስ ያለፈ ሕክምና እንደማይሰጣቸውም ወጣ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ አረፉ። ያን ቀን መልሱን ማግኘትና መልሱን መረዳት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው ሳይነገራቸው የገባቸው ብዙዎች ነበሩ። ከላይ «ምክንያቱን ሳያውቁ አይጻፉ» ስል የቀለድኩ መስሎዎት ከሆነ፣ ከምክሮቼ ሁሉ ያልቀለድኩበት እሱ ነው።

አሁን የሚቀረው ልምምድ ነው። አንድ ፍንጭ እሰጥዎታለሁ፤ መልሱ በሚቀጥለው እትም አይወጣም። ፍንጭ አንቱታ ስለማያውቅ አይቀየሙት። በጋዙም አይደንግጡ፤ ክብሪቱን ማራቅም አያስፈልግም። መልሱን ሲያገኙ ያዘዘዎትን በዚህ ገጽ ላይ ይፈጽሙት፤ ቡናዎንም ያስሙቁ።

«ጋዝ ሲገለበጥ፣ ክፍት አትተው (2)»