ከቦሌ እስከ ወንድሜ

አል ዋክራ ከዶሃ በስተደቡብ ያለች፣ ዱሮ ዕንቁ ጠላቂዎችና ዓሣ አጥማጆች የኖሩባት የባሕር ዳር ከተማ ናት። አውሮፕላን ማረፊያው በእኛና በዶሃ መካከል ስለሆነ፣ ልብስ ላሰጣ ብቅ ባልኩ ቁጥር አንዱ ሲነሳ አያለሁ። «ይሄ የቦሌ ነው» እላለሁ። አብሮኝ የሚኖረው የሕንዷ ኬራላ ልጅ ደግሞ «የለም፣ የኮቺ ነው» ይላል። ፊሊፒናዊው ጎረቤታችን የማኒላ ነው ብሎ ይምላል። አውሮፕላኑ ግን አንድ ነው።

ለገና አገር ቤት ልገባ ቲኬት ቆረጥኩ። ከዶሃ ቦሌ በአየር ከ2,200 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል፤ በረራው 4 ሰዓት ገደማ ነው። ማኒላ የሚሄድ ሰው ሰዓቱን 5 ሰዓት ወደፊት ይገፋል። ኳታርና ኢትዮጵያ ግን ሁለቱም ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ስለሚቀድሙ እኔ ሰዓቴን አልነካም። ምን ይቸግረኛል?

ቲኬቱ «መነሻ 02:00፣ መድረሻ 06:00» ይላል። ፎቶ አንስቼ ለታናሽ ወንድሜ በቴሌግራም ላክሁለት። «ደጁ ላይ ታገኘኛለህ» አለኝ።

በጉዞው ዋዜማ ምሽት ሁለት ሻንጣ እየጎተትኩ ሜትሮ ተሳፈርኩ። ማረፊያው አፍንጫዬ ሥር ነው፤ ባቡሩ ግን አልፎት ዑቅባ ኢብን ናፊ ጣቢያ ያወርድሃል፤ ከዚያ ሌላ ይዘህ ትመለሳለህ። ለ2 ሪያል ይኼም ሲበዛ ነው።

ቦሌ ንጋት 12 ሰዓት ላይ አረፍን። ስነሳ 2026 ነበር፤ ስወርድ ታኅሣሥ 28 ቀን 2018 ሆነ። የወንድሜ ስልክ ይጠራል፣ አይነሳም። እናቴ ጋ ብደውል ትደነግጣለች፤ ታክሲ ብይዝ፣ መጥቶ ቢያጣኝስ? አብሮኝ የመጣው ሁሉ ተቃቅፎ፣ አልቅሶ፣ ስቆ ሄደ። እኔ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ።

እኩለ ቀን ላይ ወንድሜ እየተንጎራደደ መጣ። የእጅ ሰዓቱን አሳየኝ።

«6 ሰዓት! አንዲት ደቂቃ አላዛነፍኩም!»

«ስልክህስ?»

«አውሮፕላን ላይ ነህ፣ ማን ይደውልልኛል ብዬ ቻርጅ ላይ ተውኩት።»

ምን ልበለው? ጠዋት 2 ሰዓት ተነስቼ 6 ሰዓት ብገባ፣ ያው 4 ሰዓት ነው፤ ሒሳቡ እንከን የለውም። በእኛ አገር ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ እንጂ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ አይደለም። እናም ከዶሃ ቦሌ 4 ሰዓት፣ ከቦሌ እስከ ወንድሜ 6 ሰዓት ፈጀብኝ።

አንድ ወር ከርሜ ስመለስ፣ መኪና ላለው የኬራላ ልጅ «3 ሰዓት ላይ እገባለሁ» ብዬ ጻፍኩለት። የገባሁት ማታ 3 ሰዓት ነው። ምስኪኑ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ቆሟል። ምንም ሳልል እናቴ የቋጠረችልኝን ዳቦ ቆሎ ዘረገፍኩለት። ዝም ብሎ ቆረጠመና፣

«በጠበቅኩህ ሰዓት እኮ ኮቺ ገብቼ፣ እራት በልቼ ነበር» አለኝ።