ከራስ በታች ጎርፍ

አበው «ከራስ በላይ ነፋስ» ብለው ተረቱን ግማሽ ላይ ተዉት። እኛ ጋሸናዎች ሞላንለት፦ «ከራስ በታች ጎርፍ»። ነፋሱን እንኳ እኛ አላመጣነውም፤ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ለተቆረቆረ ከተማ ነፋስ ሳይጠራ የሚመጣ ቤተኛ ነው። ጎርፉ ግን የገዛ እጃችን ሥራ ነውና ባለሙያዎቹ ሊመሰገኑ ይገባል።

ሙያ መሆኑን የሚጠራጠር ካለ አገሩን ዞር ብሎ ይይ። ጋሸና ከወልድያ ወደ ወረታ ከሚያልፈው አውራ ጎዳና የላሊበላው መንገድ የሚገነጠልባት፣ በደጋው ጀርባ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በሰሜን ቁልቁለት የወረደ ዝናብ ተከዜን ይፈልጋል፤ በደቡብ የወረደው በበሽሎ አድርጎ ዓባይ ይገባል። ሁለቱም ለመሄድ የቸኮሉ ናቸው፤ የሚሸኛቸው እንኳ አይፈልጉም። ረባዳ ላይ የሰፈረ ሰው ጎርፍ ቢገባበት «ዕድሉ ነው» ይባላል። የውሃ መለያ ላይ ቤት ሠርቶ ጓዳ ድረስ መስጠም ግን በዕድል ብቻ አይገኝም፤ ትጋት ይጠይቃል። ይህ ትጋት ከባለቤቶቹ ጋር እንዳይቀበር ሥርዓቱን ለልጅ ልጅ ጽፎ ማቆየት ተገቢ ነው።

በመጀመሪያ ቤት የሚሠራው በበጋ ነው። በጥርና በየካቲት መሬቱ ሁሉ ደረቅ፣ ቦታው ሁሉ ለጥ ያለ ይመስላል፤ «ክረምት ሲገባ ውሃው በየት ይወጣል?» ብሎ የሚጠይቅ ግንበኛ ሟርተኛ ነው። የቤቱ ክብር በቆርቆሮው ብዛት ይለካል፤ ባለ 40፣ ባለ 60፣ ባለ 80። ከዚያ ሁሉ ቆርቆሮ የሚወርደውን የሚቀበል አሸንዳ ግን ቅንጦት ነው። ስሌቱ ለተማሪ ልጅ የሚሰጥ ነው፦ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። 60 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ በአንድ የነሐሴ ከሰዓት 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,200 ሊትር ነው፤ ይኸውም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 60 ይሞላል። ያንን ሁሉ ከጣሪያው ጠርዝ ቀጥታ መሠረቱ ላይ እንደፋዋለን። ግንቦት ሲመጣ ደግሞ ያንኑ ጀሪካን አንጠልጥለን ቦኖ ላይ እንሰለፋለን፤ የሰልፉም ወሬ የውሃ እጥረት ነው።

ቦታው ዋልካ ከሆነ ሙያው ይበልጥ ያምራል። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ከሥሩ ውሃ ያቆረበትን ቤት ክረምት ያነሳዋል፣ በጋ ያስቀምጠዋል። ግድግዳው የተሰነጠቀ ዕለት ግንበኛውን መርገም ነው፤ እሱም እስከዚያ ሌላ ከተማ ሄዷል።

ሁለተኛው ደረጃ ግቢን ማስደልደል ነው። ሁለት ሲኖትራክ ገረጋንቲ ይገለበጣል፣ ግቢው አንድ ክንድ ከፍ ይላል፣ ውሃው ወደ ታችኛው ጎረቤት ይዞራል። የታችኛውም ወንድ ነውና በዓመቱ ሦስት ያስገለብጣል። ኃያላን መንግሥታት በሚሳይል የሚፎካከሩትን እኛ በገረጋንቲ እንፎካከራለን። ፉክክሩ የሚቆመው አቅም የሌላቸው አንዲት ባልቴት ደጃፍ ሲደርስ ነው። ድሮ ቤታቸው የሚገባ ሰው ሁለት ደረጃ ይወጣ ነበር፤ ዛሬ ሁለት ደረጃ ይወርዳል። ሰፈሩ አደገ፣ እርሳቸው ብቻ ቀሩ።

ሦስተኛዋ፣ የሙያው ዘውድ፣ የአጥር ሥር ቀዳዳ ናት። ሰዓቷ የታወቀ ነው፦ ደመናው ሲጠቁር፣ ነጎድጓዱ ሲያጉረመርም፣ ጎረቤት ከብቱን አስገብቶ በሩን ሲዘጋ። አባወራው የማዳበሪያ ከረጢት ተከናንቦ፣ ዶማውን ይዞ ወደ አጥሩ ጥግ ጠጋ ይላል። ከቆርቆሮው ሥር መዳፍ የምታህል ቀዳዳ ይምሳል፤ ግራ ቀኙ የተቆረጠ ጀሪካን አፉን ወደ ጎረቤት አዙሮ ይቀብርባታል፤ በላዩ እሾህ ጣል ያደርግበታል። ውሃው መጀመሪያ ጭድና አመድ እየገፋ ትንሽ ያመነታል፤ መንገዱን ካወቀ በኋላ ግን የጀሪካኑን ግራና ቀኝ እየሸረሸረ በራሱ ጊዜ ያሰፋዋል። ሲነጋ ቀዳዳዋ በግ ታሳልፋለች። ማዶ ያለው ግድግዳ ምርጉ እስከ ጉልበት ተልጦ ማገሩ ወጥቷል።

«ኧረ አያ እገሌ፣ ውሃው እኮ ጓዳ ገባ! የገብሱ ከረጢት ራሰ!»

«ምን ላድርግ ብለው ነው እትዬ? ያዘነበው እግዜር!»

«እግዜርማ ከላይ ነው የሚያዘንበው፤ ይሄ በአጥር ሥር ነው የመጣው።»

«እንግዲህ ውሃ ቁልቁል ነው የሚሄደው፤ ሽቅብ ሂድ ብዬ አላዘው!»

ሃይማኖትና ሳይንስ ተስማምተው የማያውቁትን እኚህ አባወራ በሁለት መልስ አስታረቋቸው። ሮማውያን እንዲህ ያለ ሊቅ ስላልነበራቸው ብዙ ደክመዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው ክፍለ ዘመን የወጣው የአሥራ ሁለቱ ሰሌዳዎች ሕጋቸው የዝናብ ውሃን ጉዳት ያነሳ ነበር፤ በኋላ የመጡት የሕግ ሊቃውንታቸውም ጉዳዩን ለይተው አስቀመጡት። ውሃው እንደ ተፈጥሮው ከወረደ የታችኛው ይቻለው፤ የሰው እጅ ሥራ አቅጣጫውን ካስቀየረው ወይም ጉልበት ከሰጠው ግን የላይኛው ይጠየቅ አሉ። የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በቁጥር 1225 ባለሀብት ጎረቤቱን የሚያውክና የሚጎዳ ነገር እንዳያደርግ ይከለክላል። ይከልክል፤ እኛ ምን አገባን? ቀዳዳዋን የበሳት አይጥ ናት። ጀሪካኑንም የቀበረችው እሷው ናት።

ይኸው አባወራ ማታ ሬዲዮ ከፍቶ የዓባይን ጉዳይ ሲተነትን ግን መስማት ነው። መጋቢት 2007 ዓ.ም ኢትዮጵያ፣ ሱዳንና ግብፅ ካርቱም ላይ የፈረሙትን የመርሆዎች መግለጫ ያውቀዋል፤ «ጉልህ ጉዳት አለማድረስ» የምትለዋ አንቀጽማ ከአፉ አትለይም። እኛ የታችኛውን ተፋሰስ ጎድተን አናውቅም፣ ለወደፊቱም አንጎዳም ብሎ ጠረጴዛ ይመታል። አጥሩን ተሻግረው ያሉት የታችኛው ተፋሰስ እትዬ ግን በድርድሩ አልተጋበዙም። ቢጋበዙም የሚመጡበት ደረቅ ጫማ የላቸውም።

አራተኛው የመንገድ ዳር ቦይ ነው። ቦይ የሕዝብ ነው፤ የሕዝብ የሆነ ደግሞ የማንም አይደለም። ስለዚህ አመድ፣ ፌስታል፣ ሃይላንድና ያለቀ ጫማ ይገባበታል። በየደጁ ያለው ቁራጭ ደግሞ በድንጋይና በአፈር ይደፈናል፤ ባጃጅ በምን ይግባ! ከሥሩ ቱቦ ማስቀመጥ ለማንም አልታየም። ውሃው ቦዩን ሲያጣ መንገዱን ይይዛል፣ መንገዱን ይዞም ደጅ ለደጅ ይዞራል፤ ያን ጊዜ በአንድ ድምፅ «የሚመለከተውን አካል» እንወቅሳለን። የሚመለከተው አካልም አያሳፍረንም፤ ቦይ የሚያስቆፍረው ሐምሌ ላይ ነው።

ቦይ መድፈን የትናንት ልማድ አለመሆኑን ለማየት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ላሊበላ መድረስ ይበቃል። 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ፈልፍለው ያወጡት ሰዎች፣ በጉድጓድ ውስጥ ሕንፃ መጥረብ ማለት ጎርፍን ቤት መጋበዝ መሆኑ ገብቷቸው ነበር። ስለዚህ ከሕንፃው ጋር የውሃ መውረጃ ቦዮችንም በዚያው አለት ላይ ፈለፈሉ። ከዚያስ? ቦዮቹ ለብዙ መቶ ዓመታት በአፈር ተደፍነው ቆይተው የተጠረጉት በ20ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆነ ዩኔስኮ በመዝገቡ ይናገራል። አለቱን ውሃ እየበላው ሄደና በ2008 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በአምስቱ ላይ ግዙፍ የብረት መጠለያ ተተከለ። ጠራቢዎቹ መሮ ይዘው የጨረሱትን ሥራ እኛ አካፋ ይዘን መጠበቅ አቃተን፤ ዣንጥላው ከባሕር ማዶ መጣ። ቅርስ ይጠበቅ ከተባለ እንግዲህ ቦይ መድፈንም ይመዝገብልን፤ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሳይቋረጥ የተላለፈ ነው።

በዚህ ሁሉ መሀል ሞኝ ሆኖ የቀረው ገበሬው ነው። ማሳው ላይ ፈሰስ ሲያወጣ በአግድሙ ዘንበል አድርጎ ነው፤ ቁልቁል ቢለቀው ቦረቦር ሆኖ መሬቱን እንደሚነጥቀው ያውቃል። ጥር ላይ በተፋሰስ ልማት ዘመቻ እርከን ሲሠራ ይከርማል። ያው ገበሬ ከተማ ገብቶ የቆርቆሮ ቤት የሠራ ዕለት ግን ሁሉም ከጭንቅላቱ ይጠፋል። መሠልጠን ማለት ይኸው ነው።

ከዚህ ሙያ ለመውጣት የሚሻ ሰነፍ ካለ ብዙ አይደክምም። ከግድግዳው እየራቀ ሲሄድ መሬቱ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር፣ በ10 ሜትር 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ይበቃዋል፤ ለዚህም ሁለት ችካል፣ ክርና ውሃ ልክ በቂ ነው። አሸንዳ ይሰቅላል፣ ከሥሩ በርሜል ያስቀምጣል፣ የተረፈውን ወደ ቦይ ይለቃል። ከላይኛው ቤት እስከ ሸለቆው የሚወርድ፣ ድንጋይ የተነጠፈበት አንድ ቦይ በየደጁ ቱቦ ከተቀበረለት ሰፈሩን ሁሉ ይገላግላል። ችግሩ ይህ የመጨረሻው በአንድ አባወራ ዶማ፣ ሌሊት፣ ተደብቆ የሚሠራ አለመሆኑ ነው። ሰኔ ሳይገባ ጎረቤት ከጎረቤት መነጋገር አለበት።

የት እንነጋገር እንዳይባል ዕድር አለ። ዕድራችን ከቀብር የቀረውን ይቀጣል፤ ድንኳን ሲተከል ያልተገኘውን ስም ይጠራል። በጎረቤቱ ጓዳ ጎርፍ የላከውን የሚቀጣ ደንብ ግን አላወጣም። ምናልባት አያስፈልግም ብሎ ይሆናል። የታችኛዋ እትዬ በዚያ እርጥበት ታመው ያረፉ ዕለት መቼም ጡሩምባው ይነፋል፤ ከላይኛው ቤት እስከ ታችኛው ዶማና አካፋችንን ይዘን በሰዓቱ እንገኛለን፣ ጉድጓዱንም ተጋግዘን በግማሽ ቀን እንጨርሰዋለን። ያን ዕለት «ዶማ የለኝም» የሚል አንድ ሰው አይገኝም።