ሰበር መርዶ

አባቶቻችን ሞት ማወጅ አያውቁበትም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ቤተ መንግሥቱ ወሬውን አፍኖ ያዘ፤ አገሬው ለዓመታት «ምኒልክ ይሙት!» እያለ ሲምል መሐላው ከደረሰ ቆይቷል። ደርግ በበኩሉ በነሐሴ 1967 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሞት በራዲዮ ለመናገር አልሰነፈም፤ ያልነገረን የት እንደቀበራቸው ብቻ ነው። ሥላሴ ካቴድራል የገቡት በጥቅምት 1993 ነው። በ2004 ክረምት ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ እያገገሙ ነው፣ ይመለሳሉ ሲባል ተሰነበተና ነሐሴ 15 ማለዳ ቴሌቪዥኑ ማረፋቸውን ነገረን፤ ምክንያቱ ድንገተኛ ኢንፌክሽን። ሁለት ወር ከዓይን ጠፍተው፣ ድንገት!

አሁን ተመስገን ሠልጥነናል። የሞተውን መደበቅ ቀርቶ ያልሞተውንም በማኅበራዊ ሚዲያ እንቀብራለን። አንጋፋው ተዋናይ ቁርሱን አቋርጦ፣ ፒጃማውን እንደለበሰ፣ በቪዲዮ «አለሁ» ይላል። ይቅርታ የሚጠይቀው የለም፤ እንዲያውም ሕዝብ ካለቀሰ በኋላ መኖሩ ትንሽ ነውር ይመስላል።

መርዶ ድሮ ወግ ነበረው። አባቱ የሞተበት ሰው ዋሽንግተንም ይኑር ሪያድ፣ ወዳጆቹ ተጠራርተው ጎህ ሲቀድ በሩን ያንኳኳሉ፤ የሚይዘው ሰው አጠገቡ ሳይኖር አይነገረውም። ምን ያለ ጊዜ ማባከን ነው! ዛሬ የታዋቂ ሰው ልጅ አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ ስልኩን ሲነካካ የአባቱን ፎቶ ከሻማ ጋር ያገኘዋል። ከሥሩ «ሼር በማድረግ ሐዘናችንን እንግለጽ» ይላል።

ከዚያ የፎቶው ሰልፍ ይጀምራል። ለቀስተኛው ሁሉ ስልኩን በርብሮ «እኔና ጋሼ» የምትል ያወጣል፤ እሱ መሐል ቆሞ ይስቃል፣ ሟቹ ትከሻቸው ተቆርጦ ከዳር ናቸው። ጽሑፉ ያው ነው፦ ታላቁ ዋርካ ወደቀ። በዚህ አወዳደቅ አገሪቱ ውስጥ አንድ ዋርካ መትረፉ ይገርማል።

እኔን ግን የምታስደንቀኝ ከሕይወት ታሪኩ መጨረሻ የምትነበበዋ ዐረፍተ ነገር ናት፦ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው…»። ማን ሲረዳቸው? ሰዋስዋችን ሩኅሩኅ ነው፤ የተረዳውን ጠርቶ የረዳውን ይሰውራል። ረጂውማ የባንክ ሒሳብ ቁጥር እየተቀባበለ ሃምሳ ሃምሳ ብር ያዋጣው ሰፈርተኛ ነበር። የቀብር አስፈጻሚ ኮሚቴው ያኔ ገና አልተቋቋመም፤ ኮሚቴ ለማቋቋም መጀመሪያ ቀብር ያስፈልጋላ! ወደ ኩላሊት እጥበት የሚያደርሳቸው መኪና ያጡ ሰው ለብሔራዊ ቴአትሩ ስንብት በሞተር ሳይክል ታጅበው ይሄዳሉ። ዕድሜያቸውን ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት ሲዞሩ የኖሩት ሥላሴ ግቢ ኪራይ የማይጨመርበት ቦታ ያገኛሉ። ባለሥልጣኑም ጥቁር መነጽሩን አድርጎ መንገድ በስማቸው እንደሚሰየም ቃል ይገባል። ማን ሊጠይቀው? ባለጉዳዩ ተኝተዋል።

እናንተ በሕይወት ያላችሁ አንጋፎች፣ ሲያማችሁ ለቤተሰብ ብቻ ንገሩ። ስልካችሁንም ማታ ማታ ቻርጅ አድርጉ፤ ጠዋት «አለሁ» ለማለት ያስፈልጋችኋል።