የትከሻ ሥራ
በ2007ቱ ምርጫ 547ቱም ወንበሮች ለያኔው ገዢ ፓርቲና ለአጋሮቹ ሲደርሱ፣ የኋላ ወንበር እንደራሴ ሥራ ቀለለ፤ የቀረችው የቀኝ ትከሻው ብቻ ናት። አፈ ጉባኤው «የምትደግፉ?» ሲሉ እጅ ወደ ላይ። «የምትቃወሙ?» ሲሉ መነጽር ይወለወላል። «ድምፀ ተአቅቦ?» ሲባል የውሃ ጠርሙስ ይከፈታል። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ጭብጨባ!

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 እንደራሴው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው ብቻ ተገዢ ነው ይላል። ሦስቱ ጌቶች መቼ ተመካክረው አንድ እጅ እንደሚያነሡ እንጃ። እንቅልፍ እንኳ (ክፉ አፍ ያወራል እንጂ) አያግደውም፤ ጎረቤቱ እጁን ሲያነሣ ንፋሱ ይቀሰቅሰዋል።

መራጮቹ ታዲያ ስለ ቀበሌያቸው ውሃ ጠየቁት። እጁን ኪሱ ከቶ፣ «በዕቅድ ተይዟል» አላቸው።