ዕቁብ ሳይጥሉ ዕጣ

ጎረቤቴ ጋሼ ዐምና ግቢያቸውን ከዳር እስከ ዳር ሊሾ አስደረጉ። ጌሾው ተነቀለ፤ የጤና አዳሙ መደብ ሲሚንቶ ለበሰ። «ከጭቃ ተገላገልን!» ብለው ቡና ጠሩን።

ሐምሌ ላይ መግቢያ ያጣው ዝናብ በበራቸው ሥር ሾልኮ እኛ ቤት ገባ። ጋሼ ጃንጥላቸውን ይዘው «አይ የዘንድሮ ዝናብ!» አሉ። የካቲት ላይ ደግሞ ባዶ ሮቷቸውን በጣታቸው እያንኳኩ «ይሄ ውሃ የት ገባ?» ይላሉ። በእኛ ሳሎን በኩል እንዳለፈ ብነግራቸው ሣቁብኝ።

አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። ይህ 200 ካሬ ግቢ ላይ 200 ሺህ ሊትር ማለት ነው፤ ባለ 2,000 ሊትሩን ሮቶ 100 ጊዜ ይሞላል። ፀሐይና ተክል ድርሻቸውን ወስደው፣ ጎርፉም የራሱን ይዞ ሄዶ የተረፈው አፈሩን ዘልቆ በዓለቱ ስንጥቅ ቁልቁል ይጓዛል። ከፊሉ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። በጥር ጠብታ ሳይዘንብ የሚፈሰው ጅረትም ስንቁ ይኸው የክረምት ውሃ ነው። ጥልቅ የወረደው በምድር ሙቀት ግሎ ፍል ውሃ ላይ ብቅ ይላል። እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ያወረዳቸው፣ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያስቆረቆረው እሱ ነው። እንግዲህ ገብቶ በወጣ ውሃ የተቆረቆረች ከተማ ናት መግቢያውን በሲሚንቶ የምትደፍነው።

የደፈንነውም ለዝናቡ ብቻ ነው፤ ለእድፉ በሩ ክፍት ነው። ከመጸዳጃ ጉድጓዳችንና ከቆሸሹት ወንዞቻችን የሚሰርገው ወደ ደቡብ፣ ወደ አቃቂ ያዘነብላል። ከተማዋን ከሚያጠጡት ትልልቅ የውሃ ጉድጓዶች ብዙዎቹ ያሉት ደግሞ እዚያው አቃቂ ነው። ቁልቁል የሸኘነውን ውሃ በፓምፕ ሽቅብ እንለምነዋለን።

ሰሞኑን ጋሼ መላ አገኙ፤ የራሳቸውን ጉድጓድ ሊያስቆፍሩ ነው። ቦታውን አሳዩኝ፤ ሊሾው መሃል፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ጉድጓድ አሥር እርምጃ ላይ። «መሬት ውሃ አታጣም» አሉኝ በሙሉ ልብ።

መሬት ግን እንደ ዕቁብ ናት፤ ክረምት ያልጣለ በጋ ዕጣ አይወጣለትም። ሰብሳቢዋም አትደለልም። ጋሼ፣ በሞቴ፣ ቢያንስ የጌሾዋን ቦታ ይመልሱላት።