በዱባይ ተራ መናፈሻ ስለ መኖሩ፦ የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት

የመርካቶው ዱባይ ተራ ከስመ ሞክሼው ከተማ ያላስገባው ዕቃ የለም ለማለት ይቻላል። ልብሱ፣ ጫማው፣ ሽቶው፣ የስልክ ቀፎው ሁሉ ገብቷል። የቀረው መናፈሻው ነው። ዱባይ ከ47 ሄክታር የማያንስ ዛቢል የተባለ ፓርክ አላት። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ በረሃው ላይ በሚሊዮን የሚቆጠር አበባ ደርድራ ሚራክል ጋርደን ብላ ከፍታለች። ይህ ሁሉ ልምላሜ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ቀረጥ እየጠበቀ ይሆን? የጥናቱ መነሻ ጥያቄ ይኸው ነው።

ታሪክ ብዙም አይረዳም። ጣሊያን በወረራው ዘመን (1928–1933) ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ ነቅሎ ወደዚህ ሲያዛውር ሐሳቡ ነጩን ከሀበሻው መለየት እንጂ ሀበሻውን ማናፈስ አልነበረም። ከዚያ ወዲህም ካሬው ለዛፍ ተርፎ አያውቅም። ዛፍ ኪራይ አይከፍልማ!

ስለዚህ ወደ መስክ ተወረደ፤ መናፈሻውም ተገኘ። የሚገኘው ከአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር ሲሆን፣ አረንጓዴ የፕላስቲክ ሣር፣ ረከቦት፣ ከሰል ላይ የተጣደ ጀበናና አጫጭር የፕላስቲክ በርጩማዎችን ያቀፈ ነው። ሣሩ ውሃ አይጠጣም፤ በመጥረጊያ ይጠረጋል። በሜትር ነው የሚሸጠው። እንግዲህ መናፈሻው ሞጆ አልቀረም፤ ተጠቅልሎ ገብቷል። ከዱባይ ይሁን ከቻይና ሻጩ ተጠይቆ «ኦርጂናል ነው» ሲል መልሷል።

ጎብኚዎቹ በባሕርያቸው ይለያያሉ። ደላላው ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል ሰክቶ አንዱን ስኒ ለግማሽ ሰዓት ይይዛል። ተሸካሚው ቆሞ ይጠጣል፤ ከተቀመጠ ሥራ ያመልጠዋል። ባለሱቁ ደንበኛ ከሩቅ ካየ አቦሉን ሳይጨርስ ይነሳል፤ ሲመለስ በርጩማው ተይዞ ያገኘዋል፤ ክርክሩም ከዚህ ይጀምራል። መብራት የጠፋ ቀን ግን ፎቅ ላይ ያለው ነጋዴ ሁሉ ስለሚወርድ መናፈሻው ይጠባል። የእቁብ ዕጣ፣ የዶላር ዋጋና የአርሴናል ተከላካይ በአንድ ጉባኤ ይታያሉ። (አጥኚው የአርሴናል ደጋፊ በመሆኑ በሦስተኛው አጀንዳ ላይ ድምፅ አልሰጠም።)

ሌላው ግኝት ተንቀሳቃሽነቱ ነው። «ደንብ መጣ!» የሚል ድምፅ እንደተሰማ ሣሩ ይጠቀለላል፣ በርጩማው በበርጩማ ላይ ይሰካል፣ ጀበናዋ ከነእሳቷ ትነሳለች፣ መናፈሻውም ከነጎብኚዎቹ ወደ ሕንፃው ውስጥ ይገባል። ደንቦቹ ሲያልፉ የተቋረጠው ወሬ ከተቋረጠበት ይቀጥላል። በዚህ ረገድ ዛቢል ገና ብዙ ይቀረዋል።

ስፋቱን በትክክል ለማስፈር ሙከራ ተደርጓል። ሆኖም አጥኚው ሜትሩን ገና ሳይዘረጋ፣ ጎረቤት ያለው ሣር ሻጭ መቀሱን ይዞ ቀረበና «ወንድሜ፣ ስንት ሜትር ልቁረጥልህ?» አለው። ሁለት ሜትር ተቆርጧል።