ስለ ታፈነ ሞተርና ስለ አፋኞቹ፦ መጠነኛ ጥናት

መኪና በሦስት ምክንያት አልነሳም ትላለች፤ አጥታ፣ ደክማ ወይም ጠግባ። ያጣችው ቤንዚን የሌላት ናት። የደከመችው ባትሪዋ የሞተባት ናት። ሁለቱም መንስኤያቸው የታወቀ ተራ ሕመሞች ስለሆኑ ይህ ጥናት አይመለከታቸውም። ሦስተኛዋ ግን ቤንዚን ሞልቷት፣ ባትሪዋ ጤነኛ ሆኖ፣ ሞተሪኖዋ በሙሉ ጉልበት እየዞረ፣ ሰፈሩን በቤንዚን ሽታ አጥና የማትነሳዋ ናት። መካኒክ ይችን በአንድ ቃል "ታፍናለች" ብሎ ያልፋታል። እኛ አናልፋትም።

ጥናቱ በዋናነት የሚያተኩረው ካርቡራተር ባላቸው መኪኖች፣ በተለይም አዲስ አበባን ሰማያዊና ነጭ ለብሳ ለረጅም ዘመን ባመላለሰችው ላዳ ላይ ነው። ላዳ የጣሊያኑን ፊያት 124 መሠረት አድርጋ፣ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሶቪየት ኅብረት ቶሊያቲ ከተማ የተመረተች ናት። ሲሠሯት የሩስያን ክረምት እንድትችል አጠናክረዋታል። ስለዚህ የአዲስ አበባ ጠዋት ሊያስቸግራት አይገባም ነበር። ያስቸግራታል።

ምዕራፍ አንድ፤ መንስኤ

መንስኤው በሁለት ይከፈላል፤ ተፈጥሯዊና ሰው ሠራሽ።

ተፈጥሯዊው የከፍታ ጉዳይ ነው። ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ቢሆን ነው። ይህን ለካርቡራተሩ የነገረው የለም። ካላስተካከሉት በስተቀር ቤንዚኑን በቆላ ልማዱ ይቀዳል፤ አየሩ ግን የደጋ ነው። በዚህ ምክንያት የከተማችን መኪና ማንም ሳይነካት በፊት ለመጥገብ የቀረበች ናት።

ሰው ሠራሹ መንስኤ እግር ነው። ነዳጅ መስጫው በተረገጠ ቁጥር ካርቡራተሩ ውስጥ ያለች ትንሽ ፓምፕ ቤንዚን ትረጫለች። ሞተሩ ተነሳ አልተነሳ ጉዳይዋ አይደለም። ሹፌሩ ግን ይህን ሁሉ አያስብም፤ መኪናዋ ስታቃስት ይሰማዋል፣ አንጀቱ ይላወሳል፣ "አይዞሽ" ሊላት ይረግጣል። እሷም በአይዞሽ ብዛት ትሞላለች። በመጨረሻ ካንዴላዎቹ ይርሳሉ። የካንዴላ ጫፍ ክፍተት አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ እሳቱም ያችን ክፍተት ዘሎ መሻገር ነበረበት። ካንዴላው ሲርስ ግን መዝለሉን ትቶ በእርጥቡ በኩል ሹልክ ይላል። ስለዚህ መታፈን ከጥላቻ የሚመጣ ሕመም አይደለም። በዚህች አገር መኪና የሚያፍናት ወዳጇ ነው።

ምዕራፍ ሁለት፤ ምርመራና ሕክምና

ምርመራው በአፍንጫ ይጀምራል፣ በካንዴላ ያልቃል። የተፈታው ካንዴላ ከረጠበና ከሸተተ ነገሩ ተረጋግጧል። ደረቅና ጥቁር ከሆነ መኪናዋ ከጠገበች ከርማለች ማለት ነው። ካንዴላውን ወደ ፀሐይ አንስቶ አንድ ዓይን ጨፍኖ ማየት ለምርመራው የሚጨምረው ነገር የለም፤ ሳያደርገው የቀረ ሰው ግን አልታየም።

ሕክምናው ሦስት ነው። አንደኛው ቾኩን መልሶ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጦ፣ እዚያው ይዞ፣ ሳያነሱ ሳይጥሉ፣ ሞተሪኖውን ከአሥር ሰከንድ ላልበለጠ ጊዜ ማዞር ነው። አየር ይገባል፣ ትርፉ ቤንዚን ይወጣል። ሁለተኛው ካንዴላዎቹን ፈትቶ ማድረቅና ጫፋቸውን በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ነው፤ ይህ ሲደረግ ሲጋራ የያዘ ሰው መራቅ አለበት። ሲጋራ የያዘው ሰው ግን በደንብ ለማየት ይጠጋል።

ሦስተኛው ከሁሉም የተሻለው ነው። ኮፈኑን ከፍቶ፣ እጅን ኪስ ከቶ፣ ሩብ ሰዓት መቆም። ቤንዚኑ ተንኖ ይሄዳል። ይህ መድኃኒት ገንዘብ አያስወጣም፣ መፍቻ አይፈልግም፣ ጋራዥ አይጠይቅም። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ በአዲስ አበባ መንገድ ዳር ኮፈን ከፍቶ ሩብ ሰዓት ብቻውን እንዲቆም የተፈቀደለት ሰው የለም።

ምዕራፍ ሦስት፤ ተሰብሳቢዎች

ኮፈን ሲከፈት ሰው ይመጣል። የሚመጣውም ሰው አራት ዓይነት ነው።

ጠያቂው። ዓይን በሚያስለቅስ የቤንዚን ሽታ መሀል ቆሞ "ቤንዚን አላት ግን?" ይላል። መልሱን ሰምቶ ወደ ሥራው ይሄዳል።

ባለታሪኩ። አጎቱ ቮልስ ነበራቸው። እሷም ልክ እንዲህ ታደርግ ነበር። ታሪኩ ረጅም ሆኖ የሚያልቀው ቮልሷ በመሸጧ ነው።

ገፊው። "ሁለተኛ አግባ፣ ፍሪሲዮን ያዝ፣ ልቀቅ ስልህ ልቀቅ!" የሚለው ነው። ገፊ እንደገና በሚገፋና እጁን መኪናዋ ላይ አሳርፎ አብሮ በሚራመድ ይከፈላል። "ልቀቅ!" ብሎ የሚጮኸው ሁልጊዜ ሁለተኛው ነው።

ሞካሪው። የዚህ ጥናት ልብ እዚህ ነው።

ሞካሪ "እስቲ እኔ ልሞክራት" የሚለው ሰው ነው። አመጣጡ የተረጋጋ ነው። ሌሎቹ ሲንጫጩ ዝም ብሎ ሰምቶ፣ ነገሩ ከሁሉም አቅም በላይ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ በሩን ይከፍታል። "ጋሼ፣ አንዴ ይውረዱልኝ።" ባለቤቱም ይወርዳል። ለምን እንደሚወርድ ሊብራራ አልቻለም። ሊብሬው በስሙ ነው፣ ቁልፉ የራሱ ነው፣ ሰውዬውን ከዚህ በፊት አይቶት አያውቅም። ግን ይወርዳል፤ ወርዶም በሩን ይይዝለታል።

ሞካሪው እንደገባ ቁልፍ አይነካም። መጀመሪያ ወንበሩን ወደ ኋላ ይስባል። የላዳ ወንበር በቀላሉ አይሳብምና ይህ የራሱን ጊዜ ይወስዳል። ቀጥሎ መደገፊያውን ያስተካክላል። ቀጥሎ መስታወቱን። በዚህ ላይ አጥኚዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን፣ የማትንቀሳቀስ መኪና ላይ የኋላ መስታወት ማስተካከል ልማድ እንጂ ትርጉም የለውም ይላል። ሁለተኛው ወገን፣ ሞካሪው መስታወቱን የሚያዞረው መንገዱን ሳይሆን የተሰበሰበውን ሰው ለማየት ነው ይላል። ይህ ጥናት ከሁለተኛው ጋር ነው።

ከዚያ ዝምታ ይጠይቃል። ቁልፉን ለቅጽበት አዙሮ ያቆማል፤ ጭንቅላቱን አዘንብሎ ያዳምጣል። ምን እንደሰማ አይናገርም። ከዚያም፣ ወንበሩ ቢስተካከልም መስታወቱ ቢስተካከልም፣ እግሩ እንደማንኛውም ሰው እግር ነውና ይረግጣል። ደጋግሞ ይረግጣል። ባለቤቱ የረጨው ሊተንን ትንሽ ሲቀረው ሞካሪው የራሱን ይጨምርበታል። መኪናዋ አንዴ "እህህ" ትላለች። "አያችኋት? ልትነሳ ነበር!" ይላል ሞካሪው፤ ከዚህ በኋላ የሚሆነው ሁሉ በእርሱ ተጀምሮ ሌላ ሰው ያበላሸው ሥራ ነው።

ሲወርድ ፍርድ ይሰጣል። "ቦቢናዋ ናት" ካለ በቅርቡ የራሱን ቦቢና ቀይሯል። "ፑንቲናው ነው" ካለ ፑንቲና። ወንበሩን ግን ወደ ቦታው አይመልስም። ስለዚህ አጭር ቁመት ያለው ባለ ላዳ እግሩን ዘርግቶ፣ መሪውን በጣቱ ጫፍ ይዞ ሲያልፍ ካያችሁ፣ መኪናው ሰሞኑን ታፍና እንደነበረች በእርግጠኝነት መናገር ይቻላል።

ከዚህ በኋላ ክርክር ይነሳል። ገፊው እንግፋ ይላል፤ ሞካሪው ቦቢናው ሳይታይ አይገፋም ይላል፤ ባለታሪኩ ሁለቱም የአጎቱን መኪና ባያዩ ነው ይላል። ድምፅ ከፍ ይላል። ባለቤቱ ሊያስታርቅ ይገባል። በዚህ ሁሉ መሀል ነዳጅ መስጫው ላይ የማንም እግር የለም፤ ኮፈኑ ክፍት ነው፤ ጊዜው ይሄዳል። የጥናቱ ዋና ግኝት ይህ ነው፤ ተሰብሳቢው መኪናዋን ያፍናታል፣ የተሰብሳቢው ጭቅጭቅ ደግሞ ያድናታል። ሩብ ሰዓት መጠበቅ የማይችል ሕዝብ ሩብ ሰዓት መከራከር ግን ይችላል። በመጨረሻ የሰለቸው አንድ ሰው፣ ብዙ ጊዜ የሲጋራው ሰውዬ፣ በመስኮት እጁን አስገብቶ ቁልፉን ያዞራል። ትነሳለች። በሰፈሩ እስከ ዕድሜ ልኩ መካኒክ ይባላል።

ምዕራፍ አራት

በዚህ ምዕራፍ ስለ ኢንጀክሽን መኪኖች ሊተነተን ታስቦ ነበር። ብዙዎቹ ነዳጅ መስጫው እስከ ወለሉ ተረግጦ ሞተሪኖው ሲዞር ኮምፒውተራቸው ራሱ ቤንዚኑን ይዘጋል፤ ሰው አይሰበሰብባቸውም፣ ስለዚህም የሚጻፍ ነገር የላቸውም። ቀጥሎም ሞተሩ እንደሞቀ ጠፍታ ጥቂት ከቆመች በኋላ ስለምትታፈነው ላዳ ሰንጠረዥ ተዘጋጅቶ ነበር። ሙቀቱ በካርቡራተሩ ያለውን ቤንዚን አፍልቶ ወደ ውስጥ ያፈስሰዋል፤ ይህም ከጠዋቱ የባሰ ነው።

ሰንጠረዡን ለመጨረስ ግን ጊዜ የለም፤ መኪናዋ ተነስታለች። የተነሳች ላዳ ደግሞ አትጠፋም፤ ትነዳለች። ያላት ቤንዚን በካርቡራተሩ፣ በአስፋልቱና በሞካሪው ሱሪ ላይ አልቋል፤ ስለዚህ በቀጥታ ወደ ማደያ ነው። ማደያው ረጅም ሰልፍ አለው፣ ሞተሯም በደንብ ሞቋል። ተራዋ ሲደርስ ቀጂው ወደ ሰሌዳው ያሳያል፤ "ሞተር ያጥፉ" ይላል። ታጠፋለች። ቤንዚን ተቀድቶ፣ ሒሳብ ተከፍሎ፣ ቁልፍ ይዞራል። እህህ። ከኋላ ጡሩንባ ይነፋል፤ ከሰልፉም አንድ ረጅም ሰው በሩን ከፍቶ፣ በእርጋታ፣ ወደዚህ እየመጣ ነው።